ልጆቹን የሚጎዳቸው ብርዱ ሳይሆን አወዳደቁ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችን ለስኖውቦርድ (ሁለቱ እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስረው በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱበት ስፖርት) ወደ ተራራ ሲወጡ «ወፍራም ጃኬትና ድርብ ካልሲ» እንድናለብሳቸው መክራችኋል። ለብርዱ ማሰባችሁ ደግ ነው። ድርብ ካልሲው ግን ስህተት ነው፤ ዋናው ጉዳይም ሳይነሳ ቀርቷል።

ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ደጋግሞ ይወድቃል። ሁለቱም እግሮቹ ከቦርዱ ጋር ስለታሰሩ ተራምዶ ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም፤ ያለው እጁ ብቻ ስለሆነ እሱን ይዘረጋል። የሰውነቱ ክብደት በተዘረጋው መዳፍ ላይ ሲያርፍ የእጅ አንጓው ይሰበራል። ስለዚህ ከጃኬቱ በፊት የእጅ አንጓ መከላከያ ግዙለት። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን የሊፍት (ወደ ተራራው የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር) ትኬት ያንሳል። ሱቅ ስትሄዱ ጓንቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ መከላከያው ከውስጥ ሲገባ ጓንቱ የሚጠብ ከሆነ ልጁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። አወዳደቁንም ቤት ምንጣፍ ላይ አለማምዱት። ወደ ፊት ሲወድቅ ጣቶቹን ጨብጦ በጉልበቱና በክንዱ ይረፍ። ወደ ኋላ ሲሆን ቁጢጥ ብሎ በመቀመጫው ይረፍ፣ ጀርባውን ያጉብጥ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፍ።

የአገጩ ነገር ያለ ምክንያት አልተነሳም። ቦርዱ ቁልቁለቱ ላይ አግድም ሆኖ ሲንሸራተት በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ቦርዱ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ልጁ ግን ይወረወራል። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ከነበረ በጀርባው ይዘረራል፣ መሬቱንም በማጅራቱ በኩል ይመታል። ይህ ለጥ ባለው የጀማሪዎች ሜዳ ላይ፣ በቀስታ እየሄዱም ይደርሳል። መፍትሔው ክብደትን ምንጊዜም በተራራው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ያ እስኪለመድ ድረስ ግን ሄልሜት ያስፈልጋል።

የብስክሌት ሄልሜት አይሆንም። ውስጡ ላይ «ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 2040» (ASTM F2040) ወይም «ኢ ኤን 1077» (EN 1077) የሚል የበረዶ ሄልሜት ደረጃ ምልክት ፈልጉ። የአገጩ ማሰሪያ ሳይታሰር ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ ሄልሜቱ ካልዋለለና የግንባሩ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ነው። ከስር የሹራብ ኮፍያ አይደረግም። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር፦ ሄልሜቱን ተራራ ላይ በምትሆንበት የፀጉር አሠራር ለኩላት። በተፈታ ፀጉር የተለካ ሄልሜት ሹሩባ ከተሠራች በኋላ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ግንባሯን ያጋልጣል። አንዴ በኃይል ከተመታ ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣል፤ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ለሁለተኛው ምት አያገለግልም።

ወደ ካልሲው ልመለስ። ድርብ ካልሲ ቡቱ ውስጥ እግርን አጨናንቆ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ እግሩ ይብሱን ይበርዳል። አንድ የሱፍ ካልሲ፣ እስከ ጉልበት ድረስ፣ በቃ። ቡቱ ልክ ሲሆን ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ ጫፉን ይነካሉ፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ተረከዙ ግን ከቦታው አይነሳም። ጥጥ ነክ ልብስ ሁሉ ቤት ይቅር፤ ጂንስም፣ የጥጥ ካናቴራም። ጥጥ ላብና በረዶ ጠጥቶ አይደርቅም። ጋቢ ማታ ሲመለስ ይጠብቀው።

ቦርዱን አትግዙ፣ ተከራዩ። ቁመቱ ሲቆም በአገጭና በአፍንጫ መካከል ይድረስ። ከመነሳቱ በፊት ባይንዲንጉን፣ ማለትም ቡቱን ከቦርዱ ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከወዛወዘ ብሎኑ ላልቷልና አከራዩ በካቻቪቴ ያጥብቀው። ሲታሰር ተረከዙ ወደ ኋላ ጥግ ድረስ ይገባል፣ የቁርጭምጭሚቱ ማሰሪያ ይቀድማል፣ የጣቶቹ ይከተላል።

ሊፍት ላይ የኋላ እግር ይፈታል፣ የፊቱ እንደታሰረ ይቀራል። ሲወርድ የተፈታውን እግር በሁለቱ ባይንዲንግ መካከል፣ የኋለኛውን ተደግፎ አሳርፎ፣ ዓይኑን ወደ ፊት አድርጎ እስኪቆም በቀጥታ ይንሸራተት። እግሩን በረዶ ላይ ካሳረፈ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። የአንገት ልብስ ጫፍና የቦርሳ ማንጠልጠያ ወንበሩ ላይ እንዳይያዝ ቀድሞ ይሰብሰብ።

የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ አያስቸግረውም የሚሉ አሉ። ዴንቨር ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ላቭላንድ የተባለው የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ መነሻ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ የአዲስ አበባው ልምድ ዴንቨር ሲኖሩ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ውኃ ደጋግሞ ይጠጣ። ፀሐዩ በረዶው ላይ እያንጸባረቀ ከስርም ስለሚመጣ የበረዶ መነጽር ለጥቁር ቆዳም ለነጭ ቆዳም እኩል ነው፤ የፀሐይ ቅባቱም እንዲሁ።

ልጁን ቁልቁለቱን ከማስጀመራችሁ በፊት አንድ ሕግ ይወቅ፦ ከታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። ከላይ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው፤ በ1979 የወጣው የኮሎራዶ የበረዶ ሸርተቴ ደኅንነት ሕግም ይህንኑ ይላል። ተጋጭቶ ሰው ከተጎዳ ስምና አድራሻ ሳይሰጡ መሄድም በዚያው ሕግ ክልክል ነው።

ማታ ሲመለስ እጁን እዩለት። በአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ስትጫኑት ካመመው «ወለምታ ነው» ብላችሁ በዘይት አትሹት፤ ራጅ ይነሳ። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስንጥቋ በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ካልተወው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይታይ።

አንባቢያችሁ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ