ጉዳዩ፦ የሚያፈሰውን የፍየል ጉረኖ ማስፋፊያ ይመለከታል

ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከስድስት ኪሎ ወደ አፍንጮ በር ሲወርዱ ባለው ግቢዬ የሠራችሁልኝ የፍየል ጉረኖ ማስፋፊያ ያፈሳል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቴም “ዝናቡ ጋብ ይበል” ተባልኩ። ዝናቡ ጋብ ካለማ እኔስ ለምን እደውላለሁ? ስለዚህ ነው በጽሑፍ የመጣሁት።

ውላችንን የተፈራረምነው ሚያዝያ 21 ቀን ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ከነባሩ ጉረኖ ጎን የሚለጠፍ ክፍል። ዋጋው 95,000 ብር፤ ቀብድ 70,000 ከፈልኩ። ይህን ያህል ቀብድ መክፈሌ የኔ ጅልነት ነው፣ በናንተ አላመካኝም። ሥራው ግንቦት 30 ማለቅ ነበረበት። ቀኑን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። ሁለቱ ፍየሎቼ፣ ዳለቻና ቡሬ፣ የተጠቁት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ነው። ሰኔ ሲያልቅ እንደሚወልዱ ለፎርማኑ በጣቴ ቆጥሬ አሳየሁት። “እናቴ፣ ሰኔማ እኛ ጨርሰን ረስተነዋል” አለኝ።

የመጀመሪያው ቋሚ የተተከለው ሐምሌ 3 ቀን ነው። አራት ግልገል ተወልዶ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ እየዘለለ ነበር።

በክረምት መሥራት አይቻልም አልልም። ሰው በክረምትም ቤት ይሠራል። ግን አሠራር አለው። ልጆቻችሁ የቆፈሩት ጉድጓድ ሌሊቱን ውሃ ሞላ። ጠዋት በጣሳ ትንሽ ቀዱና ሲደክማቸው ኮንክሪቱን ውሃው ላይ ገለበጡት። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ አየሁ። ብናገር “ሲሚንቶ ውሃ ይወዳል” ተባልኩ። ዛሬ የማዕዘኑን ቋሚ በአንድ እጅ ስገፋው ይወዛወዛል። የቋሚው እግር የተቃጠለ ዘይት ይቀባ የሚለው የውሉ መስመርም ተረስቷል። እርጥብ ባህር ዛፍ እርጥብ መሬት ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል ብላችሁ ነው?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ጣሪያው።

ፎርማኑ “ዝናቡ የዘንድሮው ከባድ ነው” ይላል። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ዘንድሮ የመጀመሪያዋ አይደለም። ነባሩ ጉረኖ ያንኑ ዝናብ እየጠጣ ደረቅ ነው። የሚያፈሰው አሮጌውና አዲሱ ጣሪያ የሚገናኙበት ቦታ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ በአሮጌው ክዳን ስር ቢያንስ አንድ ስንዝር መግባት ነበረበት። ልጆቻችሁ ግን ጫፍ ለጫፍ ገጠሙትና ክፍተቱን በሬንጅ ደፈኑት። አንድ ቀን ከሰዓት ፀሐይ ወጣች፤ ሬንጁ ተሰነጠቀ። አሁን ከአሮጌው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በዚያች ስንጥቅ ይገባል። አሸንዳም አልተደረገም። በውሉ ላይ ግን አለ፣ ዋጋውም ተሰልቷል።

ስሎፑም ጉድ ነው። ለሦስት ሜትር ርዝመት 45 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ነበር የተስማማነው። በክርና በሜትር ለካሁት፦ 12። ውሃው እዚያው ተኝቶ ያድራል፣ ንፋስ ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከዚያ ሚስማሩ። አንዱ ወልቆ መሬት ላይ አገኘሁት፤ አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወገቡ ላይ ታጥፎ በመዶሻ የተቃና አሮጌ ሚስማር ነው። ባርኔጣው ዝጓል፣ ጎማ የለውም። መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን፣ አላማም፤ የምጣዴን አክንባሎ ሳይቀር ከዚያ ነው የገዛሁት። ግን አዲስ ሚስማር ተብሎ አስከፍለውኝ አሮጌ መምታት ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ግማሹ የተመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃው በሚሄድበት ቦይ ላይ ነው። ይህን የሰፈር ልጅ እንኳ ያውቃል።

ፍሳሹ ሲበረታ ልጆቻችሁ መጥተው ዙሪያውን በላስቲክ ጠፈሩት። “ብርድ እንዳይመታቸው” ብለው ነው፣ ልባቸው ክፉ አይደለም። ፍየል ግን ደረቅ ከሆነች ብርዱን ትችለዋለች። የሚጎዳት እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ከክዳኑ ስር አንድ ስንዝር ክፍት ይተው ብዬ ያስጻፍኩትም ለዚሁ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት የሽንቱ ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ግልገሎቹ ደግሞ አፍንጫቸው ሽታው ከሚነሳበት ወለል አጠገብ ነው። ሁለቱ ሳል ጀመሩ። የእንስሳት ሐኪም አምጥቼ ለመድኃኒቱና ለድካሙ 1,800 ብር ከፈልኩ። ደረሰኙን አያይዣለሁ።

የወለሉን ርብራብ ሳልጠቅስ አላልፍም። በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች እንዲወርድ፣ የግልገል እግር ግን እንዳይገባ፣ ክፍተቱ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ ተብሏል። የክብሪት ቀፎ ይዤ ገባሁ። በጎኑ ሳይሆን በወርዱ አለፈ! የቡሬ ሴት ግልገል የፊት እግሯ እዚያ ውስጥ ተቀርቅሮ ስትጮህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በባትሪ ነው ያወጣኋት። አጥንቷ ተርፏል፣ ቆዳዋ ግን ተልጧል። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሁሉም ወደ ወጥ ቤት ተመልሰዋል። እኔ የፍልሰታን ሽሮ የሠራሁት ከአራት ግልገል ጋር እየተጋፋሁ ነው።

የምፈልገው ይህ ነው። ቆርቆሮው ይነሳና አዲሱ በአሮጌው ስር ገብቶ፣ በተስማማነው ስሎፕና በአዲስ ባለ ጎማ ሚስማር ይመታ። አሸንዳው ይሰቀል። የማዕዘኑ ቋሚ ውሃው ተቀድቶ እንደገና ይተከል። ርብራቡ ይጠጋጋ፣ ላስቲኩ ይነሳ። የሐኪሙ 1,800 ብር ከቀሪው ሒሳብ ይቀነስ። ቀሪውን 23,200 ብር ሥራው አልቆ አንድ ደህና ዝናብ ካለፈበት በኋላ እከፍላለሁ፤ ብሩ ተቀምጧል። ይህን እስከ ነሐሴ 25 ካልጀመራችሁ ሌላ ሠሪ አስገብቼ ወጪውን ከናንተ እጠይቃለሁ።

ስትመጡ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይሁን፤ በዚህ ወር ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት ነው። ፎርማኑም አብሮ ይምጣ። ቡናውን አፈላለሁ፣ በሱ አልተጣላንም።

ከሰላምታ ጋር
የጉረኖው ባለቤት

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የሐኪሙ ደረሰኝ፣ አንድ የተጣመመ ሚስማር
ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት (እስከ ነሐሴ 25 አይላክም)