የኦርኬስትራን ደመወዝ ማን ይክፈል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአንባብያን ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ «ትኬት ሸጦ መኖር ያልቻለ ኦርኬስትራ ይዘጋ» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሒሳቡ ግን አልተሠራም። እኔ በሙያዬ ኦዲተር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በአንድ የአማተሮች (ሙዚቃን ለፍቅሩ እንጂ ለደመወዝ የማይጫወቱ ሰዎች) ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ፣ ማለትም ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለውን መሣሪያ፣ እጫወታለሁ። የገንዘብ ያዥነቱንም ጭነውብኛል፤ ኦዲተር መሆኔን ካወቁ በኋላ ማን ይለቀኛል? ስለዚህ የምለው አለኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ትኬቱን እንይ። ትልቅ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከ70 እስከ 100 ሙዚቀኛ ይፈልጋል። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ በ1808 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። የጫማ ፋብሪካ አዲስ ማሽን ተክሎ በሰዓት የሚያመርተውን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ኦርኬስትራ ግን ግማሾቹን ቫዮሊኖች ላሰናብት፣ ወይም ቶሎ ቶሎ ተጫውቼ ልጨርስ ቢል ሙዚቃው ይበላሻል እንጂ አያተርፍም። የሙዚቀኛው ደመወዝ ደግሞ ከሌላው ሠራተኛ ጋር አብሮ ማደግ አለበት። ካላደገ ሰውየው ሥራ ይቀይራል። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ1966 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ወጪው ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ትኬቱ በዚያው ልክ ቢወደድ አዳራሹ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ጉድለት ያየ ሁሉ «አስተዳደሩ ሰነፍ ነው» ማለት የለበትም። ጉድለቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው።

ታዲያ ማን ይሙላው? ድሮ መሳፍንት ይሞሉት ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን ከ1761 ጀምሮ የኤስተርሃዚ መሳፍንት ደመወዝተኛ ነበር። በ1790 ልዑል ኒኮላውስ ሲሞቱ ልጃቸው አንቶን አብዛኞቹን ሙዚቀኞች አሰናበቱ። ልጅየው እንደ አባትየው ሙዚቃ አይወዱማ!

የቤትሆቨን ጉዳይ ለእኔ ቢጤው የበለጠ ያስተምራል። በ1809 ሦስት ሰዎች በየዓመቱ ሊከፍሉት ውል ፈረሙ። አርክዱክ (የኦስትሪያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልዑል) ሩዶልፍ 1,500፣ ልዑል ኪንስኪ 1,800፣ ልዑል ሎብኮቪትስ 700 ፍሎሪን (የዘመኑ ገንዘብ)፤ በድምሩ 4,000። ከእሱ የሚጠበቀው በኦስትሪያ ግዛት ውስጥ መኖር ነው። ሲታይ ጥሩ ውል ነው። ከፋዩ ሦስት ነው፣ ፊርማ አለ፣ መጠኑ ተለይቷል። ግን በ1811 የኦስትሪያ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ። በ1812 ኪንስኪ ከፈረስ ወድቀው ሞቱ። ሎብኮቪትስ ደግሞ ለሙዚቃ ሲበትኑ ኖረው ኪሳቸው ተራቆተ። ቤትሆቨን ድርሻውን ለማስከፈል እስከ 1815 ድረስ ሲሟገት ቆየ። እኔ ይህን መዝገብ ብመረምር ኖሮ ከፋዮቹ ሦስት ይሁኑ እንጂ አደጋቸው አንድ ነው ብዬ እጽፍ ነበር። ሁሉም መሳፍንት፣ ሁሉም በአንድ ገንዘብ የሚከፍሉ፣ ሁሉም በአንድ ጦርነት፣ በናፖሊዮን ጦርነት፣ የተጎዱ።

ዛሬም የማየው ስህተት ይኸው ነው። አንዱ «መንግሥት ይክፈል» ይላል፣ ሌላው «ባለሀብት ይክፈል» ይላል፣ ከዚያ ይጣላሉ። ጀርመን ውስጥ በሕዝብ ገንዘብ የሚደጎሙ ወደ 130 የሚጠጉ ኦርኬስትራዎች አሉ። የሚያስቀና ነው። ነገር ግን መንግሥት ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ኔዘርላንድስ በጀት ስትቀንስ የሬዲዮ ቻምበር ፊልሃርሞኒክ የተባለው ኦርኬስትራ በ2013 ተበተነ። ሙዚቀኞቹ አላጠፉም፤ ከላይ አንድ መስመር ተሰረዘ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ባለሀብቶች ናቸው። የቦስተን ሲምፎኒን በ1881 ያቋቋሙት ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን ጉድለቱን ለአሥርት ዓመታት ከኪሳቸው ሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ሰው ግን በየከተማው አይገኝም። ብልህ ሆኖ ያገኘሁት የአሜሪካውን በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የፎርድ ፋውንዴሽንን ሥራ ነው። በ1966 ለ61 ኦርኬስትራዎች ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር መደበ። አብዛኛው ዋናው ሳይነካ ከሚያስገኘው ትርፍ የሚበላበት ቋሚ ፈንድ ነበር። ኦርኬስትራዎቹም ከሌላ ቦታ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያመጡ ግዴታ ነበረባቸው። በዚህ መንገድ ለጋሹ ከፋይ ከመሆን አልፎ ሌሎች ከፋዮችን እንዲፈልጉ አስገደዳቸው። ቋሚ ፈንድ ግን መድኃኒት አይደለም። የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ፈንድ እያለው በ2011 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀውን የኪሳራ ከለላ ከፍርድ ቤት ጠይቋል።

«የቪየና ፊልሃርሞኒክ ግን ራሱን ችሎ የለም?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከ1842 ጀምሮ የሙዚቀኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነው። አባላቱ ግን የቪየና ስቴት ኦፔራ ኦርኬስትራ ተቀጣሪዎች ናቸው። የወር ደመወዛቸው ከዚያ ይመጣል። ነፃነታቸው የቆመው በሌላ ቤት ደመወዝ ላይ ነው።

የኢንተርኔቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ከ2008 ጀምሮ ኮንሰርቶቹን በኦንላይን እየሸጠ ነው። ጎበዝ ናቸው። ግን ስሙን ዓለም የሚያውቀው ኦርኬስትራ ስንት ነው? ለሌሎቻችን ተመልካች ለማፍራት ይጠቅማል፣ ደመወዝ አይሆንም።

በነገራችን ላይ የኮንጎ ዋና ከተማ የኪንሻሳው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሁልጊዜ በምሳሌነት ይጠቀሳል። በ1994 በአርማንድ ዲያንጊየንዳ ተመሠረተ። ሙዚቀኞቹ በአብዛኛው ሌላ ሥራ ያላቸው አማተሮች ናቸው። የመሣሪያ ክር ሲጠፋ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ እስከ መተካት ደርሰዋል። አድናቂያቸው ነኝ። አንዳንድ ሰው ግን ይህንን ሰምቶ «አያችሁ፣ ያለ ገንዘብም ይቻላል» ሲል ደሜ ይፈላል። እኛም አማተሮች ነን። የመጀመሪያዋ ኦቦ (የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋችችን ልምምድ የምትቀረው ፍቅሩ ስለቀነሰባት ሳይሆን የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ መስጠት የሚወደው ስሙ የሚጻፍበትን ነገር ነው። አንድ ድርጅት ቆንጆ ፒያኖ ሰጠን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ለመቃኛ የሚሆን ግን አንድም ሳንቲም አልጨመረም። ፒያኖ በየጊዜው ካልተቃኘ ደግሞ የቤት ዕቃ ነው። የኖታ ኪራይ፣ ኮንትራባሶቹን (ትልልቆቹን ባለ ክር መሣሪያዎች) የሚያመላልሰው መኪና፣ የልምምድ አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ ደመወዝ፤ እነዚህ ላይ የሚለጠፍ የስም ሰሌዳ የለም። በሒሳብ መዝገቤ ሁልጊዜ ባዶ የሚሆኑት መስመሮችም እነዚህ ናቸው።

የእኔ ሐሳብ ይኸው። መንግሥት ወይም ከተማ መሠረታዊውን ደመወዝ ይያዝ። የሚይዘውም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይሁን፤ ሙዚቀኛ በየዓመቱ ይባረር አይባረር እያለ ጥሩ አይጫወትም። ባለሀብት በአንድ ጊዜ ትልቅ ከመስጠት ይልቅ አንድ ወንበር ይያዝ፤ የአንድ ቫዮሊኒስት ወይም የአንድ ፈረንሳይ ሆርን ተጫዋች ደመወዝ ማለቴ ነው። በአሜሪካ የወንበሩን ተጫዋች ከለጋሹ ስም ጋር በፕሮግራሙ ላይ ያትማሉ። ስሙ ይጻፍለት፣ ችግር የለውም! ትኬትና የፊልም ሙዚቃ ቀረጻ ሦስተኛው የገቢ ምንጭ ይሁኑ። አድማጭ ደግሞ በየወሩ የአቅሙን በቋሚነት ያዋጣ። አንዱ ሲታመም ሌሎቹ የሚያቆዩት እንዲህ ሲሆን ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ትኬት ብቻ ይብቃ ካሉ ቤተ መጻሕፍትም በአባልነት ክፍያ ብቻ ይኑር ይላሉ?

እኛ ግን ፒያኖውን ለሰጠን ድርጅት ደብዳቤ ጽፈናል። የጠየቅነው የሦስት ዓመት የመቃኛ ወጪና አንድ የቼሎ ወንበር ነው። መልሳቸውን ስናገኝ እጽፍላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው ኦዲተር