«በኋላ እነግርዎታለሁ» እንዳይባሉ፦ ለአማርኛ ፈጣን ጽሕፈት የድጋፍ ጥሪ

አባቴ ዕድር አይቀሩም። ጆሯቸው ከከዳቸው ስድስት ዓመት ሊሆን ነው። እሳቸው ግን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የተናጋሪውን ከንፈር ያያሉ። ሰው ሲስቅ ይስቃሉ። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብለው «ምን አለ?» ይላሉ። አጠገባቸው የሚቀመጡት ሰው ደግ ናቸው። እጃቸውን ያዝ አድርገው «ጋሼ፣ በኋላ እነግርዎታለሁ» ይሏቸዋል። በኋላ ግን ማንም አይነግራቸውም። ክፋት አይደለም። ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይሮጣል።

አምና መዋጮው ሲጨመር አባቴ ሦስት ወር ሙሉ በድሮው ሂሳብ ከፈሉ። ገንዘብ ያዡ ቀስ ብለው ሲነግሯቸው አንገታቸውን ደፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ማንበብ ምንም አልቸገራቸውም። የሚያነቡት ነገር ነው ያጡት።

እኛ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ግማሾቻችን ውጭ አገር እንኖራለን። የምንሠራው ሰው ሲናገር እኩል እየተከተሉ በአማርኛ የሚጽፉበትን ዘዴ ነው። ጽሑፉ እዚያው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ ከሌላው ጋር እኩል ያነባል። በሌሎች ቋንቋዎች ይህ የቆየ ሙያ ነው። ፊልም ላይ ፍርድ ቤት ስታዩ፣ ከዳኛው ሥር ተቀምጣ ትንሽ መኪና የምትነካ ሴት አስተውላችሁ ይሆናል። እንደ ታይፕ ፊደል በፊደል አትመታም። ብዙ ጣቶቿን ባንድ ጊዜ ታሳርፋለች፣ አንድ ሙሉ ቀለም (ባንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፍል) ወይም አንድ ቃል ይወጣል። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ብዙ ቁልፎችን ባንዴ ተጭኖ አንድ ኅብረ ድምፅ እንደሚያወጣው ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሥራው ሲከብደን ደጋግመን የምናነሳው ሰው ነው።

ካርል ድራይስ ይባላል። በ1785 ካርልስሩኸ በምትባል የባደን ግዛት ከተማ ተወለደ። ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአባቱም በእናቱም የባላባት ልጅ ነው። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ፤ በኋላ የባደን ከፍተኛ ዳኛ እስከ መሆን ደርሰዋል። ልጁ ሃይደልበርግ ሄዶ ሂሳብ፣ ፊዚክስና ሥነ ሕንፃ ተማረ፤ ከዚያም የደን ሹም ሆነ። ልቡ ግን መኪና ላይ ነበር። በ1817 ጁን 12 ቀን ከማንሃይም ከተማ ተነስቶ፣ በሁለት የእንጨት ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነዳ። የዛሬዋ ብስክሌት አባት ያቺ ናት። ስሙን የሚያውቁት ሰዎችም የሚያውቁት በእሷ ነው።

እኛ የምንወደው ግን ሌላውን ሥራውን ነው። በ1821 ባለ 25 ቁልፍ የጽሕፈት መኪና ሠራ። በ1820ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ 16 ቁልፍ ብቻ ያላት፣ በረጅም የወረቀት ጥብጣብ ላይ ምልክት የምትተው የፈጣን ጽሕፈት መኪና አወጣ። 16 ብቻ። ይህች ቁጥር እኛን ብዙ አስተምራናለች። ቁልፍ ሲያንስ እጅ ቁልፍ ፍለጋ አይዞርም። ጣት ካለበት ሳይነሳ ይሠራል፣ ፍጥነቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የደረሰበት ነገር ግን ልብ ይሰብራል። በ1819 ካርል ዛንድ የሚባል ተማሪ አውጉስት ፎን ኮትሰቡ የተባለውን ደራሲ ማንሃይም ውስጥ በጩቤ ገደለው። ለብዙ ወጣቶች ዛንድ ጀግና ነበር። ከፍተኛው ዳኛ የድራይስ አባት ናቸው፤ ለዛንድ ምሕረት እንዲደረግ አልደገፉም። ዛንድ በ1820 ተሰየፈ። የደጋፊዎቹ ቁጣ ታዲያ በዳኛው ልጅ ላይ ወረደ። ድራይስ አገሩ ውስጥ መኖር አቃተውና በ1822 ወደ ብራዚል ተሻገረ። እዚያ መሬት ሲለካ ከቆየ በኋላ በ1827 ተመለሰ። አባቱ በ1830 አረፉ።

መጨረሻውም አላማረም። በ1849 ባደን ውስጥ አብዮት ሲነሳ የባላባትነት ማዕረጉን በይፋ ጣለና «ዜጋ ካርል ድራይስ» ነኝ አለ። አብዮቱን የፕሩሲያ ጦር ሲደመስሰው ጡረታው ተያዘበት። በ1851 ዲሴምበር 10 ቀን እዚያው በተወለደበት ከተማ፣ በ66 ዓመቱ፣ ባዶ እጁን ሞተ። ፈጣን የጽሕፈት መኪናውን ተቀብሎ፣ ሰው አሠልጥኖ፣ ሥራ ላይ ያዋለ አንድ መሥሪያ ቤት አላገኘም።

ይህን ከአንድ ጣሊያናዊ መምህር ታሪክ ጋር አስተያዩት። አንቶኒዮ ሚኬላ ዙኮ በ1815 ሳን ጆርጆ ካናቬዜ በምትባል የፒየሞንት ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሰው ሲናገር ድምፁ ከአፍ እንዴት እንደሚወጣ አጠና። ከዚያ 20 ቁልፍ ያላት፣ ፒያኖ የምትመስል መኪና ሠራ፤ ለያንዳንዱ እጅ 10 ቁልፍ። ከ1880 ጀምሮ የጣሊያን ሴኔት ተቀበላት። ሰዎች ሠለጠኑባት። እነሱ ደግሞ ሌሎችን አሠለጠኑ። መኪናዋ ዛሬ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዛ እዚያው ሴኔት ውስጥ እየሠራች ነው። ድራይስ ከሚኬላ በብልሃት ያነሰ አይመስለኝም። ሚኬላ ተረካቢ አገኘ፣ ድራይስ አላገኘም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሚኬላ የትውልድ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ኢቭሪያ አለች፤ የታይፕ መኪና ሠሪው ኦሊቬቲ በ1908 የተመሠረተባት ከተማ። የአማርኛ ኦሊቬቲ የነካችሁ ታውቁታላችሁ። አባቴ የፈተና ወረቀት ያስመቱ የነበረው በእሷ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ፊደላችንን በታይፕ ቁልፍ ላይ ለማስቀመጥ የደከሙ የራሳችን ሰው ነበሩ፤ ኢንጂነር አያና ብሩ። ያን ሁሉ ፊደል ትንሽ መኪና ላይ ማስፈር ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ አሁን እጃችንን ስናስገባ ነው የገባን።

ለፈጣን ጽሕፈት ግን ፊደላችን ጭንቅ ሳይሆን በረከት ነው። ላሳያችሁ። ፊደላችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ቤት አለው። ሦስት ቁልፍ ብቻ ውሰዱ። አንድ አንዱን ለብቻ ብትጫኑ 3 ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትጫኑ ሌላ 3። ሦስቱንም ባንዴ ብትጫኑ 1። ድምሩ 7! ይህን መጀመሪያ ያየን ማታ ስልክ ላይ ነበርን፣ አንዷ የቡድናችን ልጅ ጮኸች። እና የግራ እጅ ተነባቢውን ይመርጣል፣ የቀኝ እጅ ሦስት ጣት ቤቱን ይመርጣል፣ የቀሩት የቀኝ ጣቶች ቀለሙን የሚዘጋውን ድምፅ ይጨምራሉ። «ሰላም» ሁለት ጭነት ነው፤ «ሰ»፣ ከዚያ «ላም»። በተለመደው ኪቦርድ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፈው አምስት ጊዜ እንመታለን።

ሁሉም ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። «አልተነገራቸውም» አንድ ቃል ነው፤ በኛ አሠራር ግን ሰባት ጭነት ይወስዳል። ተናጋሪው እስኪጨርስ እጅ ይቀደማል። ስለዚህ ለቃል መጨረሻዎች፣ ማለትም ለ«አቸው»ና ለ«አችኋል»፣ እንዲሁም እንደ «አልነበረም» ላሉ ቃላት የየራሳቸው አቋራጭ ያስፈልጋቸዋል። አሁን ሌት ተቀን የምንለፋው መዝገበ ቃላቱ ላይ ነው። ሶፍትዌሩን ከዜሮ አልጀመርንም። ሚራባይ ናይት የምትባል የኒውዮርክ ባለሙያ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርቱን እየተከተለች ትጽፍ ነበር። ይህ ሙያ ውድ መሆኑ ስላንገበገባት ከጓደኞቿ ጋር «ፕሎቨር» የሚባል በነፃ የሚታደል ፕሮግራም አስጀመረች። እኛም አማርኛውን የምንሠራው በሱ ላይ ነው። የኛም ሲያልቅ እንዲሁ በነፃ ይታደላል።

«ስልክ ራሱ ንግግር ይጽፍ የለ?» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ሞክረነዋል። አንድ ሰው ዝግ ብሎ ብቻውን ሲናገር ደህና ነው። ዕድር ላይ ወስደን ስንሞክረው ግን ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ ተደናገረ፣ የሰው ስም አበላሸ፣ «አይከፈልም» የተባለውን «ይከፈል» ብሎ ጻፈ። ለአባቴ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከዝምታው የባሰ ነው።

አሁን የጎደለንን ልናገር። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት መኪና ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ እሱን አንመኝም። በትንንሽ አውደ ጥናት የሚሠሩት ኪቦርዶች ከ100 ዶላር ገደማ ይጀምራሉ። አራት እንፈልጋለን። እስካሁን አንድ አለን፣ በተራ ነው የምንለማመድበት። አንድ የማይሞት ላፕቶፕ ያስፈልገናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ሠልጣኞች አሉን፤ ሁለቱም ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ናቸው። ይህ ሙያ በየቀኑ ልምምድ ካልተደረገበት ከእጅ ይጠፋል። ለአንድ ዓመት የታክሲና የምሳቸውን ብንችልላቸው ከቤታቸው ሳይጨነቁ ይመጣሉ። ገንዘብ ከጠበበ ላፕቶፑ ይቆይ እንጂ እነሱ እንዳይቀሩብን እለምናችኋለሁ።

መቶ ብርም ብትሆን ትገባለች። ይህን ጥሪ የላከላችሁ ሰው ከኛ ጋር ይተዋወቃልና በእሱ በኩል አገናኙን። የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ በየወሩ ለሰጪዎቹ ሁሉ እንልካለን። ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ለበዓል አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ ሻንጣው ውስጥ ለአንዲት ኪቦርድ ቦታ ይተውልን። ክብደቷ ቀላል ነው።

ገንዘብ የሌለው ደግሞ ድምፁን ይስጠን። የዕድር፣ የማኅበር፣ የቤተ ዘመድ ስብሰባ ቅጂ እንፈልጋለን፤ ተሰብሳቢዎቹ ከፈቀዱ ብቻ። የጎጃም፣ የወሎ፣ የጎንደር፣ የሸዋ አነጋገር ሁሉ ይምጣ። የታይፕ ትምህርት ያስተማራችሁ እናቶችና አባቶችም ካላችሁ ጥሩን። ጣት እንዴት እንደሚሠለጥን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያውን ሙከራ የምናደርገው አባቴ ዕድር ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ፈቅደዋል። ሁለቱ ሠልጣኞች እየተፈራረቁ ይጽፋሉ፣ ጽሑፉ ከሊቀመንበሩ ጎን ስክሪን ላይ ይወጣል። ስክሪን ግን የለንም። ለአንድ እሑድ ጠዋት ቴሌቪዥኑን የሚያውሰን ሰው ካለ፣ ሄደን እንወስዳለን፣ ከሰዓት በፊት እንመልሳለን።