ዘብዴዎስ በታንኳው ላይ ቀረ

ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ስልኩን ከዘጋን ዛሬ አሥር ቀን ሆነን። እናትሽ በየማታው "ደወልክላት?" ትለኛለች። "ነገ እደውላለሁ" እላታለሁ። በስልክ ከጀመርኩ ድምፄ እንደዚያን ቀን ከፍ እንዳይልብኝ ፈራሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

"አባዬ፣ መልቀቂያ አስገባሁ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ልሄድ ነው" ስትዪኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ጡረታሽስ?" የሚል ነበር። ልጄ ጌታ ጠርቶኛል ትለኛለች፣ እኔ ስለ ጡረታ መዋጮ እጠይቃለሁ። ቀጥዬ ደግሞ የባሰውን ተናገርኩ። "እኛንስ ማን ይጦረናል?" አልኩሽ። ዝም አልሽ። ያ ዝምታሽ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ይቅር በዪኝ ልጄ። እኔና እናትሽ አልቸገረንም፤ ታውቂዋለሽ። ያን የተናገርኩት አንቺን የምይዝበት ሌላ ገመድ ስላጣሁ ነው። ጥሩ ልጅን በወላጆቿ መያዝ ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትንም ልንገርሽ። ያን ምሽት መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁና አንቺን የምረታበት ጥቅስ መፈለግ ያዝኩ። ብዙም አልፈጀብኝም። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ አገኘሁት። ሰዎች ለአባትና ለእናታቸው የሚገባውን "ይህ ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው" እያሉ ወላጆቻቸውን ይከለክሉ ነበር። ጌታ በዚህ አጥብቆ ገሠጻቸው። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ በወጋችሁ ሽራችሁታል አላቸው። እሰይ አልኩ። ይህን ነው የማነብላት ብዬ በእርሳስ አሰመርኩበት።

መጽሐፉን ከመዝጋቴ በፊት ግን ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሰዎች መስማት የተሳነውን አንድ ሰው ወደ ጌታ ያመጣሉ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ግን ጌታ ያደረገውን አንድ በአንድ አየሁት። ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ጣቶቹን በጆሮዎቹ አስገባ። እንትፍ ብሎ መላሱን ዳሰሰው። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየ፣ ቃተተ። "ኤፍታህ"፣ ማለትም "ተከፈት" ያለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለማይሰማ ሰው ንግግር ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ጌታ አስቀድሞ በእጁ ተናገረው። ሰውየው በሚያየውና በቆዳው በሚሰማው ቋንቋ ነገረው።

ያኔ ጣቶችሽ ትዝ አሉኝ። ባለፈው ዓመት እኛ ጋ መጥተሽ ሳለ፣ እኔ እያወራሁ ጣቶችሽ ጉልበትሽ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። መዳፍሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንዱ ጣትሽ ብቻውን ይቆማል። "እጇን ያማታል እንዴ?" ብዬ እናትሽን ጠየቅኋት። ሳቀች። ለካ እኔ የምናገረውን ሁሉ በምልክት ቋንቋ እየተለማመድሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ስትማሪ ከርመሻል። አንድ ቀን "ደንቆሮ" ብዬ ስናገር "አባዬ፣ መስማት የተሳናቸው በል" ብለሽ አርመሽኛል። ጥሪ በአንድ ሌሊት ከሰማይ የሚወርድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያንቺ ግን ጣቶችሽ ላይ ሲያድግ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ እያየሁት ነበር።

ያን ጊዜ የነገርሽኝንም አልረሳሁም። በዓለም ላይ ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች አሉ አልሽኝ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ በአንዳቸውም አልነበረም። በዚያ ዓመት ነው በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠናቀቀው። እኔም "ታዲያ ለምን አያነቡትም? ዓይን አላቸው አይደል?" አልኩሽ። "ድምፁን አንድም ቀን ሰምተህ በማታውቀው ቋንቋ ማንበብ ስትማር አስበው" ብለሽ መለስሽልኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

እንግዲህ በዚያ ምዕራፍ ልረታሽ ፈልጌ እኔው ተረታሁ። እነዚያ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም የወላጅን ወሰዱ። እኔ ደግሞ በወላጅ ስም የእግዚአብሔርን ልወስድ ነበር።

በማግስቱ ወንጌሉን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ገና ምዕራፍ 1 ላይ ዘብዴዎስን አገኘሁት። ስለ ያዕቆብና ስለ ዮሐንስ ስንት ስብከት ሰምተናል። ስለ አባታቸው ሲሰበክ ግን ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ታንኳ ውስጥ ሆነው መረብ ያበጃሉ። ጌታ ይጠራቸዋል። አባታቸውን ከሞያተኞቹ ጋር በታንኳ ላይ ትተው ይከተሉታል። ስለ አባትየው የተጻፈው ይኸው ነው።

"ከሞያተኞቹ ጋር" የምትለዋን ማርቆስ ብቻ ነው የጻፋት። ቅጥር ሠራተኞች ማለት ነው። ስለዚህ ዘብዴዎስ ምስኪን ዓሣ አጥማጅ አልነበረም። ታንኳ ነበረው፣ ሠራተኛ ነበረው፣ ለልጆቹ የሚያወርሰው የቆመ ሥራ ነበረው። ያን ሁሉ ዓመት ለማን ብሎ ደከመ? ያቺ ታንኳ ትታየኛለች። መረቡ እንደተዘረጋ ነው፣ ግማሹ ተጠግኗል፣ ግማሹ ገና ነው። ልጆቹ ይዘውት የነበረው ጫፍ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሠራተኞቹ የአሠሪያቸውን ፊት ላለማየት አንገታቸውን ደፍተዋል። ዘብዴዎስ ጎንበስ ብሎ ያን ጫፍ ሲያነሳው ይታየኛል። ማርቆስ ይህን አልጻፈውም፤ እኔ ግን አባት ስለሆንኩ ያየሁ ያህል ነው።

ሚስቱም በኋላ ሄደች። ማቴዎስ መስቀሉን ከሩቅ ሆነው ይመለከቱ ከነበሩት ሴቶች መካከል የዘብዴዎስን ልጆች እናት ይጠራታል። ጌታን እያገለገሉ ከገሊላ ከተከተሉት አንዷ ነበረች። ቀደም ሲል "እነዚህ ሁለቱ ልጆቼ አንዱ በቀኝህ አንዱ በግራህ ይቀመጡ" ብላ የለመነችውም እሷው ናት። ደቀ መዛሙርቱ ተቆጡ፣ እኛም ስናነብ እንቆጣለን። አሁን ግን ገባኝ። ልጆቿ ታንኳቸውን ለቀዋል፤ የሚቀመጡበት አንድ የተረጋገጠ ቦታ እንዲኖራቸው ፈለገች። የእኔም "ጡረታሽስ?" ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ከሁለቱ ልጆች ያዕቆብን ሄሮድስ በሰይፍ አስገደለው። ዮሐንስ በትውፊት እንደሚነገረው እስኪያረጅ ኖረ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ታንኳ የተጠሩ ወንድማማቾች ናቸው። ማናቸው ላይ ምን እንደሚደርስ ለአባታቸው አልተነገረውም። ስለ አንቺም አልተነገረኝም። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ይሄ ነው። ግን እዚያው መሥሪያ ቤት ብትቀሪስ ተነግሮኝ ነበር? "ቋሚ" የሚል ደብዳቤ በእጃቸው የያዙ ጓደኞቼ በአንድ ገጽ ወረቀት ሲቀነሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ። በእምነት እወጣለሁ የሚሉ ብዙ ወጣቶች ስለ ገንዘብ ሲጠየቁ ይከፋቸዋል። አንቺ እንዳይከፋሽ፤ ሂሳብ ሠራተኛ ነሽ። የመናውን ታሪክ ታውቂዋለሽ፣ ዘፀአት 16። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጎሞር የሚባል መስፈሪያ ነበር። ለነገ ብለው ያስቀሩት ተላ፣ ሸተተ። አብዛኛው ሰባኪ እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ ግን በስድስተኛው ቀን ሁለት ሁለት ጎሞር ለቀሙ፣ የተረፈውን ለሰንበት አስቀምጡ ተባሉ። ያ አልሸተተም፣ አልተላም። መናው ያው መና ነው። በአንደኛው ቀን ፈርተው አስቀመጡ፣ በሌላው ቀን ታዘው አስቀመጡ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስቀመጥኩት በየትኛው እንደሆነ ሰሞኑን ራሴን ስጠይቅ ሰንብቻለሁ።

ስለዚህ ያጠራቀምሽውን ዛሬውኑ በትኚው አልልሽም። ጌታ ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቁጠር ብሏል። ያለውን ሁሉ የማይተው ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ያለውም እዚያው ንግግር ውስጥ ነው፣ ሉቃስ 14። እንግዲያው ተቀምጠሽ ቁጠሪ። ዕዳ ካለብሽ ከፍለሽ ውጪ። መሥሪያ ቤትሽን ሂሳቡን አጥርተሽ አስረክቢ፤ የሚተካሽ ሰው ፋይልሽን ሲከፍት እንዳያዝንብሽ። ብትታመሚ ማን እንደሚያሳክምሽ የሚልኩሽን ሰዎች ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። "ጌታ ያዘጋጃል" ብለው ካለፉሽ ደግመሽ ጠይቂ። ጌታ ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው በሰው እጅ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም።

እንጦንስን አስቢው፣ የመነኮሳት አባት የሚባለውን። በ3ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ወላጆቹ ሞተውበት ከታናሽ እህቱ ጋር የቀረ ወጣት ነበር። "ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ" የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማና መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ለእህቱ ግን ጥቂት አስቀረ። በኋላ ያንንም ሲሰጥ፣ እሷን ለሚያምናቸው ሴቶች አደራ ብሎ ነው የምናኔ ኑሮ የጀመረው። እንደዚያ ያለው ሰው እንኳ እህቱን ሜዳ ላይ አልጣላትም።

ሲያጥርሽ ንገሪን። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። የፊልጵስዩስ ሰዎች የላኩለትንም ተቀብሏል። እኛም እንልክልሻለን፤ እንዳታፍሪ።

አንድ ነገር ግን በእውነት መልሺልኝ። አለቃሽን ሸሽተሽ ነው? አምና ስለ እሱ ስትነግሪኝ አልቅሰሽ ነበር። ሸሽቶ የሚወጣም ተጠርቶ የሚወጣም የሚያስገባው መልቀቂያ አንድ ዓይነት ነው። የምትሄጂበት ትምህርት ቤትም አለቃ አለ፣ አድካሚ ባልደረባ አለ፣ የማይታዘዝ ልጅ አለ። አለቃሽ ነገ ቢቀየር ትቀሪያለሽ? "አልቀርም" ካልሽኝ በቃኝ፣ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።

ወንድምሽን ደግሞ እንዳትንቂው። አንቺ ስትወጪ እሱ በሥራው ላይ ይቀራል። ጌታ ሌዊን ከቀረጥ መቀበያው አስነሥቶ ወሰደው። ወደ ሌላው ቀራጭ ወደ ዘኬዎስ ቤት ግን ገባ፣ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ሲሰጥ ሰማ፣ ተከተለኝም አላለው። የሄሮድስ አዛዥ ሚስት ዮሐናና ሌሎች ሴቶች በገንዘባቸው ያገለግሉት ነበር። ወንድምሽ ዜናሽን ሲሰማ አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ ብቻ መጥቶ "በየወሩ ምን ያህል ብልክላት ይበቃታል?" አለኝ።

ባይሆንልሽስ? ይህን ማሰብ አትወጂም፣ እኔ ግን ልበለው። ከትንሣኤ በኋላ እነ ጴጥሮስ ተመልሰው ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተዋል። የዘብዴዎስ ልጆችም አብረው ነበሩ፣ ዮሐንስ 21። ሌሊቱን ሙሉ አንድም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ በዳርቻው ቆሟል። ቃሉን ሰምተው መረቡን ቢጥሉ 153 ትልልቅ ዓሦች ወጡ። ወደ ምድር ሲወጡም የከሰል ፍም አለ፣ ዓሣ ተቀምጦበታል፣ እንጀራም አለ። "ኑ፣ ምሳ ብሉ" አላቸው። ለምን ተመለሳችሁ ብሎ አልተቆጣቸውም። የተሳፈሩባት ታንኳ የማን እንደነበረች ዮሐንስ አይነግረንም፤ እኔ ግን የዘብዴዎስ ብትሆን ደስ ይለኛል። አንቺም ደክሞሽ ብትመለሺ ክፍልሽ እንዳለ ነው። አናከራየውም፤ ከእናትሽ ጋር ተስማምተናል።

እናትሽ ሹራብ ጀምራልሻለች። ሐና ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልጁን ሰጥታለች፣ ልኩን ግን አልረሳችም። እናትሽ ልክሽን ከአምናው ፎቶ ልትገምት ስትታገል አገኘኋት። የእጅጌውን ርዝመት ለክተሽ ላኪላት።

ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ላኪልኝ። ተደላድለሽ ከተቀመጥሽ በኋላ ልናይሽ እንመጣለን። ልጆቹ ይከቡናል፣ ይህ ሽማግሌ ማን ነው ብለው በእጃቸው ይጠይቁሻል። እንድትነግሪያቸው አልፈልግም፣ እኔው ልነግራቸው እፈልጋለሁ። "አባቷ ነኝ" በምልክት እንዴት እንደሚባል ቀስ ብለሽ በቪዲዮ ቅረጪልኝ። ጣቶቼ ደርቀዋል፣ ጊዜ ይፈጅብኛልና ቶሎ ላኪው።

አባትሽ