ይድረስ ለአባቴ፣ በቆጂ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም እንዴት ሆነልዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ምነው ድምፅህ ደከመብኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ልምምዱ ነው» ብዬ አልፌዎት ነበር። ልምምዱ ብቻ አልነበረምና እውነቱን በጽሑፍ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ለማራቶን ስዘጋጅ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ እወጣለሁ፤ 35 ኪሎ ሜትር ሮጬ ስመለስ በልቼ እተኛለሁ፤ ማታ ደግሞ ሌላ ሩጫ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ነቅቼ በሩ ጋ ስደርስ፣ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጅዎ አሻንጉሊቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «እሽሽ፣ አታልቅሺ፣ አባቢ ተኝቷል» ስትላት ሰማሁ። እጄ በሩ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። እርስዎ ገብስ ሲያጭዱ ውለው ሲገቡ እኛ ልጆችዎ ዝም ብለን አናውቅም፤ የእግርዎ ጭቃ ሳይደርቅ ጉልበትዎ ላይ እንቀመጥ ነበር።

ሌላው ጥፋቴ ከዚህም ይብሳል። ባለፈው ጥቅምት አውሮፓ ውስጥ በሮጥሁት ማራቶን ስድስተኛ ስወጣ ጥፋቱን ሁሉ በአሯሯጩ ላይ ጣልሁ። አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ነፋሱን በደረቱ እየከፈለ ፍጥነቱን የሚጠብቅ፣ ብዙ ጊዜም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መንገዱን ለሌላው ለቆ የሚወጣ፣ ስሙ ከአሸናፊዎች ጋር የማይጠራ ሰው ነው። ይህ ልጅ 23ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወጣ፤ እኔም ሆቴል ውስጥ በሰው ፊት «እንጀራዬን ዘጋህብኝ» ብዬ ጮኽሁበት። ሆዱን እያመመው መሮጡን የሰማሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ባያመውስ ኖሮ እንደዚያ ልናገረው ይገባኝ ነበር?

እርስዎ ለደቦ የወጣ ሰው ሳይበላ እህል ቀምሰው አያውቁም፤ ዝናብ መጥቶ አጨዳው ሳያልቅ ሲበተኑ እንኳ «ጉልበቱን ሰጥቶኛል» ብለው ጠላውን በገዛ እጅዎ ይቀዱለት ነበር። አሯሯጭ ለእኔ ደቦ የወጣ ሰው መሆኑን ሳስብ እጅግ አፈርሁ።

የአገራችን ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ አብረው ሜዳውን መዞራቸውን ከድሉ አስበልጠው ይነግሩን ነበር። ልጅ ከወለደች በኋላም በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ዳግመኛ ወርቁን ወሰደች። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬዎ የያዝሁት ሩጫውን ብቻ ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ እየቋጠረ አዳመጠኝና «ጋሼ፣ መታመሜን አለመናገሬ የእኔም ጥፋት ነው» አለኝ፤ ይህን ሲለኝ ይበልጥ ከበደኝ። በቤት በኩል ደግሞ የቀን እንቅልፌን አሳጥሬ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት የማመጣት እኔ ሆኛለሁ። አሠልጣኜ አልወደደውም፤ እኔ ግን በዚህ አልመለስም።

ለጥምቀት ልጄን ይዤልዎት እመጣለሁ። ያንንም ልጅ አብሮን እንዲመጣ ጠይቄው እሺ ብሎኛል፤ እንደ ደንብዎ ለእሱ ቀድሞ ይቅረብለት።

ልጅዎ