የሌሊቱን ሕመም ያየው ሰው ይጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለቤቴ የሚጥል በሽታ አለባት፤ የሚነሣባትም እንቅልፍ ላይ ሳለች ብቻ ነው፤ ስትነቃም ከሆነው ነገር አንዱንም አታስታውስም። ሕመሟን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሆኖም ሕክምና ፍለጋ በሄድንባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች ሁሉ የምትጠየቀው እርሷ ስትሆን፣ እኔ «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» እየተባልኩ ኮሪደር ላይ እቀር ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ተከራይተን በምንኖርበት ቤት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የሰው የማይመስል ጩኸት ሰምቼ ብንን ስል፣ ባለቤቴ ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ጥርሷ ገጥሞ አገኘኋት። ወዲያው እጅና እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የአልጋው ራስጌ ግድግዳውን ይደበድብ ነበር። መብራት አብርቼ ስሟን ስጠራ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በአፏ ጥግ ደም የቀላቀለ አረፋ ሲወርድ አየሁ፤ የሞተች መሰለኝ። መንቀጥቀጡ ሲቆም እያንኮራፋች ከባድ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓይኗን ገልጣ «ምነው መብራቱን አበራኸው?» አለችኝ። የትራስ ልብሱን ደም ሳታየው ያጠብኩት በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የቆሰለ ምላሷን ግን ልደብቃት አልቻልኩም።

በግቢያችን ያሉ እናት ዱካክ ነው አሉኝ። ሌላው ጎረቤት ክብሪት ከአልጋው አጠገብ እንዳይጠፋ መከረኝ። ሁለቱም ለእኛ አዝነው የተናገሩት በመሆኑ አልተቀየምኩም፤ ያሳዘነኝ የጤና ተቋሙ ነው። ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ተኝቼ ነበር፣ አላውቅም» ከማለት ሌላ መልስ ሊኖራት አይችልም ነበር። ድካምና ጭንቀት ነው ተብላ ቫይታሚን ታዞላት ወጣች። እኔ ከበሩ ውጭ፣ ከሦስት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር።

እስከ ጥር ድረስ ሦስት ጊዜ ተደገመባት። በሦስተኛው ሌሊት በአንድ እጄ ትከሻዋን ደግፌ በጎኗ እያስተኛሁ፣ በሌላው እጄ በስልኬ ቀረጽኳት፤ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል። የምወዳትን ሰው በዚያ ሁኔታ መቅረጽ ነውር መስሎ ተሰምቶኝ ስለነበር፣ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለራሷ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ካየችው በኋላ «ይህን ሁሉ ሌሊት ብቻህን ነበርክ?» አለችኝ። ለሐኪም እንዲታይ የፈቀደችውም ራሷ ናት።

በሌላ ሆስፒታል ያገኘናቸው ሐኪም ቪዲዮውን ደጋግመው አይተው ወንበር እንድስብ ጋበዙኝ። ከየትኛው እጅ ጀመረ? ጭንቅላቷ ወዴት ዞረ? ዓይኗ ክፍት ነበር ወይስ ጨፍና? እንቅልፍ እንደወሰዳት ነው ወይስ ሊነጋ ሲል? ከነቃች በኋላ ንግግሯ እስኪስተካከል ምን ያህል ቆየ? የአብዛኞቹ ጥያቄዎች መልስ እኔ ዘንድ ነበር፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። የሚጥል በሽታ መሆኑ በዚያ ቀን ተነገረን፤ መድኃኒትም ተጀመረላት።

ምክንያቱ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። የአንጎል ምስል የሚያነሣው የኤምአርአይም ሆነ የኢኢጂ ምርመራዋ ውጤት ጤነኛ ነው። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ተደስቼ፣ ኋላም «ታዲያ ሌሊት የማየው ምንድን ነው?» ብዬ ተናደድኩ። ሐኪሙ እንዳስረዱን ኢኢጂ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው በምርመራው ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሕመሙ ባልተነሣበት ሰዓት ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ በሽታው የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያሉበት ሲሆን፣ በግማሽ ያህሉ ላይ ምክንያቱ አይታወቅም፤ በአግባቡ ቢመረመሩና ቢታከሙ ግን እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሣባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅም መታከም እንደሚቻል ቀድሞ የነገረን ቢኖር ኖሮ፣ እነዚያን ወራት እርስ በርሳችን «ምን በድለን ይሆን?» እየተባባልን ባላሳለፍናቸው ነበር። ጸበልም ሄደናል፣ አሁንም እንሄዳለን፤ መድኃኒቷን ግን አንድም ቀን አላቋረጠችም፤ በድንገት ማቋረጥ የበረታ ሕመም ሊቀሰቅስ እንደሚችል በሚገባ ተነግሮናልና።

ስለ ክብሪቱም መናገር አለብኝ። ጭሱ ሕመሙን አያቆምም፤ ትንፋሽ ያጠራትን ሰው ጭስ ማሽተት ደግሞ ጉዳት ነው። በጥርስ መካከል ማንኪያ ማስገባትም ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስን አያድንም። የሚያስፈልገው በጎን ማስተኛት፣ የሚያቆስል ነገር ማራቅ፣ እጅና እግርን በጉልበት አለመያዝና ሰዓት ማየት ነው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከተደገመባት ወደ ሕክምና መሮጥ ግድ ይሆናል። እኔ ብረት ጠርዝ ያለውን ኮመዲኖ ከአልጋው አርቄ፣ በቦታው ፍራሽ አንጥፌአለሁ።

መድኃኒቱ ሕመሙን በእጅጉ ቢያራርቀውም ፈጽሞ አላጠፋውም። እኔም ዛሬ ድረስ እጄን ክንዷ ላይ አኑሬ ነው የምተኛው፤ ስትገላበጥ ሁሉ እነቃለሁ፤ በማግስቱ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ይጠፋኛል። እህቷ ከሁለት ወር ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብራት ታድራለች፤ እኔም ሳሎን ሄጄ እስኪነጋ ድረስ እተኛለሁ። በየቤቱ እንዲህ የሚያነጋ ሰው ካለ፣ ተራ የሚቀበለው ዘመድ እንዲፈልግ እለምናለሁ፤ ይህን መጠየቅ በሽተኛውን መሸሽ አይደለም።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎችን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። አንድ ታካሚ ሌሊት ራሱን ስቶ እንደነበር ሲነገር፣ ታካሚው እስከፈቀደ ድረስ አብሮት ያደረው ሰው ምርመራ ክፍል ይግባ፣ የተናገረውም ካርዱ ላይ ይጻፍ። የእድር ሰብሳቢዎችም በወርኃዊው ስብሰባ ላይ አንድ ነርስ ጋብዘው ስለ ክብሪቱና ስለ ማንኪያው ለአሥር ደቂቃ ቢያስነግሩ፣ በእኛ ግቢ ብቻ እንኳ ለብዙ ቤት ይደርሳል።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባዋለች። የምትሠራው ልብስ ስፌት ቤት ስለሆነና አሠሪዎቿ ቢያውቁ ከማሽኑ ያነሡኛል ብላ ስለምትሰጋ፣ ስማችን እንዳይወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስሜ ይቆየኝ
ከሀዋሳ