ቀብድ ከመክፈልህ በፊት

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

እንዴት ከርመሃል? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ማርቆስ ሐምሌው ከብዷል። ይህን ስጽፍልህ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

ከጥቅምት ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአባባ አርባ ዕለት ቢቸና አልተገኘሁም። አንተም አልጠየቅከኝ፣ እኔም አልነገርኩህ። "መኪና ተበላሽቶብኝ ነው" ማለት ለአባባ ተዝካር የሚቀርብ ምክንያት አልመስል አለኝ። አፈርኩ። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ወራት አለፉ።

ባለፈው ቅዳሜ እህትህን ገበያ አገኘኋት። አንተ ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ልትገዛ ነው፣ እማማን ይዘህ በዓባይ በረሃ ልትመጣባት ነው አለችኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዚያን ቀን የሆነውን ልንገርህ።

መኪናዋን የገዛኋት አዲስ አበባ ነው፣ ከአርባው ሳምንት ቀደም ብሎ። ደላላው ሜዳ አስፋልት ላይ አሥር ደቂቃ አስነዳኝ። ለስላሳ ነበረች። ማርሽ ስትቀይር እንኳ አይሰማም። ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ቦሎዋ የታደሰ። ከፈልኩ። በአርባው ዋዜማ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ መንገድ ጀመርኩ።

እስከ ጎሐ ጽዮን ምንም የለም። ቁልቁለቱን ዲ፣ ወደ ፊት መንጃው ላይ እንዳለች በፍሬን ብቻ ወረድኩት፤ ታች ስደርስ ፍሬኑ ይሸታል። እሱም ስሕተት ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም ቁልቁለት ላይ አውቶማቲክም ቢሆን ኤል ወይም ቢ የሚለው ላይ አድርገህ ሞተሩ እንዲይዝልህ ነው። ድልድዩን ተሻገርኩ። የበረሃውን ሙቀት ታውቀዋለህ። ወደ ደጀን ሽቅብ ስጀምር ሞተሩ ይጮህ ጀመር። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ የሞተር ዙር ቆጣሪው 4,000 ላይ ይወጣል፣ መኪናዋ ግን አትጎትትም። ልክ ፍሪሲዮን እንዳለቀበት መኪና። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ።

ዳር ይዤ አንድ ሰዓት አቀዘቀዝኳት። ሄደች። ደስ አለኝ። ሁለት ኩርባ ሳልጨርስ ቆመች። ደግሜ አቀዘቀዝኳት፣ ደግማ ቆመች። በመጨረሻ ዲም፣ የኋላ ማርሹ አርም አልይዝ አለ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። መኪናዋን ጥዬ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ መሳፈር ሲገባኝ አልተሳፈርኩም። ያን ቀን ያጠፋሁት እሱን ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማምሻውን አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልኝ። በገመድ ጎትተኝ አልኩት። እምቢ አለ። አውቶማቲክ በራሷ ጎማ ከተጎተተች ካምቢዮው፣ ማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ ይበላል አለኝ። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋተጋል። እግዜር ይስጠው፣ በማግስቱ ባዶውን ሆኖ ተመልሶ መጣ። ከአንድ ጉብታ አስጠጋና በሰው ጉልበት ገፍተን ጫንናት። ደጀን ስንገባ ስልኬ ሠራ። ሰዓቱን አየሁ። ሰው ተዝካሩን በልቶ ተበትኗል። ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አልደወልኩልህም።

እዚህ ማርቆስ አንድ መካኒክ ካምቢዮውን አወረደው። ሲቪቲ የሚሉት ዓይነት ነው። ለካ የሚቀየር ማርሽ የለውም። ሁለት ፑሊ አለው፣ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይሄዳል። ፑሊዎቹ ሲሰፉና ሲጠቡ ፍጥነቱ ይቀየራል። ቀበቶው ሳያንሸራትት እንዲይዝ ለእሱ ብቻ የተሠራ ዘይት ይፈልጋል። ኮፈኑ ሥር የተንጠለጠለውን የሰርቪስ ካርድ አነበብነው፤ የተራ አውቶማቲክ ዘይት ተሞልቶባታል። ካርዱ ስገዛትም እዚያው ነበር። የዘይት መያዣው ውስጥ ያሉት ማግኔቶች የብረት ብናኝ ለብሰዋል። ጥቂት ብናኝ ያለ ነው፤ ይሄ ግን እንደ ጭቃ ነበር። ቀበቶው ተጫጭሯል። ካምቢዮው ሙሉ ለሙሉ ተቀየረ። ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጥኩት ገንዘብ አለቀ።

አባባ በሬ ሲገዙ ትዝ ይልሃል? ጥርሱን ያያሉ፣ ሰኮናውን ያነሣሉ፣ ከዚያ ዳገቱን ያስወጡታል። ባለቤቱ ቢቆጣም አይከፍሉም። አንተም እንደሳቸው አድርግ።

በጠዋት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ሻጩ ዘንድ ሂድ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ፍሬን ይዘህ ከማቆሚያው ከፒ ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር አስገባ። ወዲያው መያዝ አለበት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ካሰበ ወይም ገጭ ካለ ተዋት። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ካለው አውጣና ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርገው። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ በቃ። ከሁሉ በላይ ግን ከሽሮ ሜዳ ጀምረህ እንጦጦን አስወጣት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትሙቅ። ሲበርድ ደህና የሚመስል ካምቢዮ ገመናው የሚወጣው ሲሞቅ ነው። የትኛው ዘይት እንደሚገባም ከመኪናው መጽሐፍ ላይ እይ፣ በሰው አፍ አትመን። ይሄ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም የሚልህም አለ። የእኔ መካኒክ በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል። ያንን ዳገት ካየሁ በኋላ እኔም የምሰማው እሱን ነው።

ቀብዱን እባክህ አቆየው። ሐሙስ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ አርብ ጠዋት አብረን እንያት። ለነሐሴው ሙት ዓመት ደግሞ ከዋዜማው በፊት ቢቸና ነኝ፣ በአውቶቡስ። ድንኳኑን አብረን እንተክላለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ